ስመኘው ከደንገጎ የወረደበት ቀን

በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሴቶች ሳይቀሩ በመኪና ይተርታሉ። እንግዳ ሰው ሲሰማ ይስቃል። ነገሩ ግን ከሳቅ የመጣ አይደለም፤ ሁለት ለጋ ሙሽሮችን ገደል ሊያስገባ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

ስመኘው የሚባል ሰው ነበር። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ አሥራ ስምንት ዓመት ያመላለሰች አሮጌ ነጭ ፔጆ ነበረችው። ሠርግ ሲታሰብ ድንኳን ከመጠየቁ በፊት ስመኘው ይጠየቃል፤ ክብሩም ኩራቱም እሷው ናት። ምን ያደርጋል፣ ጎረቤቱ ፉአድም አሮጌ ፔጆ ገዛ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጁምዓ ሶላት መልስ ካርቶን እያነጠፈ፣ ከሥሯ እየተኛ፣ ፍሬኗን ቀየረ፤ ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተር አዲስ ገጠመላት፤ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል ዝቅ አደረጋት። ሞተሯን ያጠነከረው በመጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ታዲያ የሰፈሩ ወንድ ኮፈኗን አስከፍቶ ሳያይ አላልፍ አለ።

ስመኘው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ማን ለማን ቀድሞ ሰላምታ እንደሰጠ ይቆጥራል። ፉአድ ሞተር ባስነሳ ቁጥር አፉ ውስጥ ያለው ሻይ ይመረዋል። ሚስቱ አንድ ቀን፣ "ውይ፣ ድምጿ ሲያምር!" ብትል ሦስት ቀን አኮረፋት።

ይባስ ብሎ የእህቱ የወይዘሮ ዘውድነሽ ልጅ ናሆም ከሐረር ሊያገባ ሆነና ሙሽሮቹን እንዲያመጣ የተጠየቀው ፉአድ መሆኑን ሰማ። እህቱ ቤት ከነቁጣው ደረሰ።

"እኔ ሞቻለሁ እንዴ፣ ዘውዴ? የገዛ ልጄን ጎረቤት ይዳርልኝ?"

"ወንድምዓለም፣ መኪናህ ዳገት ላይ ስታቃስት አልሰማሃትም? መንገዱ ደግሞ ደንገጎ ነው። ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት አንዱ ጎኑ ገደል ነው።"

"ሁለት ሳምንት ስጪኝ! የሱን ሁለት እጥፍ አደርጋታለሁ።"

እህት ናትና ወላወለች። እሱም ወደ ሽማግሌው መካኒክ፣ ወደ ጋሽ ወርዶፋ በረረ።

"ከፉአድ የበለጠ ሞተር ያስገቡልኝ።"

"አስገባልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ፍሬኗ ይሠራ። ጉልበት የጨመርክላትን ያህል ማቆሚያም ጨምርላት እንጂ፣ ስሜ።"

"ከሥር ያለውን ማን ያይልኛል? ሠርጉ ደረሰ እኮ!"

"እንግዲያው እኔ እጄን አላስገባም። የምትጭነው ሰው ነው፣ በቆሎ አይደለም።"

ስመኘው ተቆጥቶ ሌላ ጋራዥ ወሰዳት። ጉልበተኛ ሞተር ገጠሙለት፤ እንደ ፉአድ መኪና ዝቅ እንድትልለትም ሞላዎቿን በመጋዝ ቆረጡለት። ፍሬኑ ያው የድሮው ነው። ወይዘሮ ዘውድነሽ ልቧ እየፈራ፣ "ወንድሜ ነው፣ ምን ላድርገው?" ብላ እሺ አለች። ፉአድም ሳይከፋው ሚዜዎቹን ጭኖ ከኋላ ሊከተል ተስማማ።

እሑድ ሙሽሮቹን ይዞ ከሐረር ሲመለስ የስመኘው ዓይን ከመንገዱ ይልቅ መስታወቱ ላይ ነበር። ፉአድ ከመስታወቱ አልጠፋ አለው። ይሄኔ የደንገጎን ቁልቁለት ነዳጅ እየረገጠ ተያያዘው።

"ጋሼ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ" አለች ሙሽራዋ ፍሬሕይወት።

"አይዞሽ፣ የኔ ልጅ! ጉልበቷን ገና መቼ አየሽና!"

በመጀመሪያው ኩርባ መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች። በሁለተኛው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተ። በሦስተኛው ፍሬኑን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ፤ ምንም የሚይዝ ነገር የለም። ከፊቱ ገደል ነው።

"አጎቴ!" ናሆም ሙሽራዋን እቅፍ አድርጎ ጮኸ።

ስመኘው ማርሽ ቀነሰና መኪናዋን ከተራራው ጋር አላተማት። ብረቱ እያፏጨ፣ አፈሩ እየተናደ፣ እየተፋተገች ሄዳ ሄዳ ቆመች። እመብርሃን አወጣቻቸው። የፍሬሕይወት ቬሎ ተተርትሯል።

ፉአድ ደርሶ ቀስ ብሎ ቆመ። ጎማዋ ሥር ድንጋይ ጣለ፤ ሙሽሮቹን ደግፎ ወደ ራሱ መኪና አሻገራቸው፤ ከዚያም ለአዲሱ ሱፉ ሳይሳሳ አስፋልቱ ላይ ተንጋሎ ከስመኘው ፔጆ ሥር ገባ። ለስመኘው ግን ከሞት መትረፉ አልታየውም፤ ሙሽራዋ ፉአድ መኪና ውስጥ መቀመጧ ነው ያንገበገበው። ሄዶ ኮፈኑን ከፈተና የሚያብረቀርቀውን ሞተር እያየ፣ "ቢሆንም ከሱ ይበልጣል" አለ።

ከአጃቢዎቹ ሚኒባስ የወረዱት ጋሽ ወርዶፋ አንዴ የቆመውን፣ አንዴ የተኛውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፦ "አይ ስሜ! ቅናት ኮፈን ይከፍታል እንጂ ከሥር አይተኛም።"