የአለቃው ጉንጭ በሰፊው ስክሪን

ትርሲት ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ዛሬም የምታወጋው ዓይኗን ሰብራ ነው።

በትርጉም ክፍል ስትሠራ፣ ኃላፊዋ አቶ ደምመላሽ የሠራተኛው ኮምፒውተር ሁሉ ሲከፈት የእሳቸው ፎቶ እንዲታይ አዘው ነበር። አንድ ቀን ለሙከራ ተብሎ ሰፊ ስክሪን ጠረጴዛዋ ላይ ተተከለላት። ዋናውን ጽሑፍና ትርጉሙን ጎን ለጎን ስታይ ዓይኗ አረፈላት፤ ወደደችው። ችግሩ ፎቶው ነበር፤ ከስክሪኑ ጋር ተለጥጦ የአለቃው ጉንጭ ድፎ ዳቦ አከለ።

አቶ ደምመላሽ ሙከራውን ሊያዩ መጥተው ክው አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ!» አሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። «ስክሪኑ ከዋሸ ዛሬውኑ ይመለሳል። አልዋሸም ካልሽ ደግሞ፣ እኔን ወፍረዋል ማለትሽ ነው!»

ትርሲት አንገቷን ደፋች።

«ኧረ ጋሼ፣ ስክሪኑም አልዋሸም፣ እርስዎም አልወፈሩም። የድሮው ጠባብ ስለነበረ ክብርዎን ጨምቆ ነበር የሚያሳየን፤ ዛሬ ገና መፈናፈኛ አገኘ።»

አለቃው ደረታቸውን ነፉ። «ለሁሉም ይቀየር!»

ፎቶው በአንድ ጠቅታ ወደ ልኩ እንደሚመለስ ትርሲት ታውቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ከሁሉም ቀድማ ገብታ፣ ከመጋዘን በወጡት አዳዲስ ስክሪኖች ሁሉ ላይ የአለቃዋን ክብር እንደተለጠጠ ጫነችው።