የመኪና ዘይት የጠጣችው ሞተር

አንድ ሞተረኛ ነበረ። ሞተሩን ይወዳታል ብቻ ማለት ያንስበታል። ዝናብ ሲመጣ ከራሱ በፊት እሷን ያስጠልላል፤ አቁሟት ሲሄድም ዞር ብሎ ሳያያት አያልፍም። ሚስቱ «እኔን እንዲህ ዞር ብለህ ያየኸኝ ለመጨረሻ ጊዜ ሠርጋችን ላይ ነው» እያለች ትስቅበታለች።

መምህር ልሳነወርቅ ይህን ታሪክ የጀመሩት ትርንጎ ላቀረበችላቸው ጥያቄ መልስ እንዲሆናት ነው። ድሮ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተማሯት ልጅ ናት። እናቷን ከትውልድ ከተማዋ አምጥታ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ ካኖረች ስድስት ወር ሆኗታል። ጥሩ አልጋ ገዛችላቸው፣ ሠራተኛ ቀጠረችላቸው፣ ብርጭቆ እንኳ እንዳያነሡ ከለከለቻቸው። የሕንፃው ዕድር ሰዎች መጥተው ዕቃ ቤቱን እንዲጠብቁላቸው እናትዬዋን ሲለምኑም «እናቴ አሁን የምታርፍበት ጊዜ ነው» ብላ እሷው መለሰቻቸው። እናት ግን ከቀን ወደ ቀን እየከሱ፣ ከሰው ጋር መነጋገርም እየተዉ ሄዱ። ሐኪም ምንም አላገኘባቸውም። ትርንጎ እንባዋ እየቀደማት «መምህር፣ ከሁሉ የተሻለውን ነው የሰጠኋት፤ ምን ጎደለባት?» አለች። እሳቸውም ለእንባዋ መሐረብ አቀበሏት፤ ለጥያቄዋ ደግሞ ሞተረኛውን ይተርኩላት ጀመር።

ሞተረኛው የሚሠራው በአንድ ተራራማ ወረዳ ውስጥ ነበር። የጤና ጣቢያውን አዋላጅ መኪና ወደማይገባባቸው መንደሮች ያደርሳል። እሱ ሲስተር ይላታል፤ እሷ ወንድሜ ትለዋለች። ሕፃን በሰላም በተወለደ ቁጥር ሲስተር ትመረቃለች። እሱ ደግሞ ከምርቃቱ ግማሹ የሞተሯ ነው ብሎ ያምናል፤ አልተሳሳተም።

ሞተሯ ዘይት የምትቀይርበት ጊዜ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ የሚያደርግላት ተራውን የሞተር ሳይክል ዘይት ነበር። በዚያ ሰሞን ግን አንድ ሀብታም ነጋዴ የአዲስ መኪናውን ዘይት ሲያስቀይር አየ። ሲንቴቲክ ይሉታል፤ ጥርት ያለ፣ ሲንቆረቆር ድምፅ የሌለው ዘይት ነው። ነጋዴው «ይህን የጠጣ ብረት አይፋጭም፣ አያረጅም» ሲል ሞተረኛው ሰማ። ያን ቀን ምሳው አልወረደለትም። የኔዋስ ለምን ይቅርባት አለ።

ወደ ዘይት መሸጫው ሄደ። ሻጩ «ለምንህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለሞተር ሳይክል የሚል ሰው ሁሌም የሚቀርብለት ከታችኛው መደርደሪያ ያለው ተራ ዘይት እንደሆነ ሞተረኛው ያውቃል። ለሚወዳት ሞተር ያንን መቀበል ውርደት መሰለው። ስለዚህ ደረቱን ነፋ አድርጎ «ለመኪና» አለ። ሻጩም ለመኪና የሚሆነውን ምርጡን ሲንቴቲክ ሰጠው። ውሸቷ ከፍቅር የመጣች ናት፤ ቢሆንም ውሸት ናት።

ለጥቂት ቀናት ደስታ ሆነ። የሞተሯ ድምፅ ለሰለሰ። ያገኘውን ሰው ሁሉ «እስኪ ስማልኝ» እያለ ያስነሣታል።

አንድ ጠዋት ከተራራው ጫፍ ካለ መንደር ጥሪ መጣ። አንዲት ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ልጁም የመጀመሪያዋ ነው። ሲስተር ቦርሳዋን አንግታ ከኋላው ተፈናጠጠች። ሜዳውን ደህና አለፉት። ዳገቱ ሲጀምር ግን ሞተሯ ጩኸት ብቻ ሆነች። ነዳጅ ይሰጣታል፣ ትጮኻለች። ማርሽ ይቀንሳል፣ ይብስ ትጮኻለች፤ ጎማዋ ግን ያዘግማል። በመጨረሻም ጭራሽ ቆመች።

ሲስተር ወረደች። አልተቆጣችም፤ ዳገቱን ቀና ብላ አየችና የጫማዋን ክር አጠበቀች። ሞተረኛው ሞተሩን አየ፤ ያቺን ፊቷን እንኳ የማያውቃትን ሴት አሰበ። ከዚያም በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ሞተሩን መንገድ ዳር ጥሎ፣ ቦርሳውን ከሲስተር ትከሻ ላይ ወስዶ፣ አንዴም ዞር ብሎ ሳያይ ዳገቱን ተያያዘው።

የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ወላዷ አቅሟ አልቆ ነበር። ሲስተር ገባች፤ ሞተረኛው ደጅ ቀረ። ብዙ ቆይቶ የሕፃን ለቅሶ ሲሰማ እሱም አብሮ አለቀሰ። ሲስተር ስትወጣ «ትንሽ ዘግይተን ቢሆን ኖሮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ያ ያላለቀ ነገር ቁልቁለቱን ሁሉ ተከተለው።

ሞተሩን እየገፋ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰዳት። መካኒኩ ዘይቱን በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገና «ይህን ማን ሰጣት?» አለ።

«እኔ ነኝ። ከሁሉ የሚሻለውን ብዬ ሻጩን ‹ለመኪና ነው› አልኩት።»

መካኒኩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚያቆስል አልነበረም። «ዘይቱማ ምርጥ ነው፤ ለመኪና። የመኪና ፍሪሲዮን ለብቻው ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ግን እዚያው ዘይት ውስጥ ነው ያለው። አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። ፍሪሲዮን ደግሞ ሥራው መያዝ ነው። በውስጡ ያሉት ሸራዎች እርስ በርስ ካልተያያዙ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ አይደርስም። ሁሉን አለስልሰህባት በምኑ ትያዝ? ሲንቴቲክ ካማረህ ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተሠራ አለልህ፤ ብረቱን ያለሰልሳል፣ ፍሪሲዮኑን ግን አያንሸራትትም። ለምንህ ነው ስትባል እውነቱን መናገር ነው የነበረብህ።»

ደግነቱ ሸራዎቹ ገና አልተቃጠሉም። ያ ዘይት ወጣ፣ የሚስማማት ተሞላላት። በማግስቱ ሞተሯ ያንኑ ዳገት ሲስተርን ይዛ ወጣች።

መምህር ልሳነወርቅ እዚህ ላይ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ሞተረኛው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ፍቅርሽን አልጠራጠርም። ግን ይህ ሁሉ ለማን ነው ስትባዪ አንቺም እውነቱን አልተናገርሽም። አልጋውና ሠራተኛዋ ሌላ ሴት ብትሆን የምትደሰትባቸው ናቸው። እናትሽ ግን፣ ድሮ አንቺው እንደነገርሽኝ፣ የሰፈራቸውን ዕድር ዕቃ ቤት ቁልፍ ሠላሳ ዓመት በአንገታቸው አንጠልጥለው የኖሩ ሰው ናቸው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነበር። አንቺ ኑሮውን ሁሉ አለሰለስሽና የሚይዙት ነገር አሳጣሻቸው። ጉልበታቸው እኮ አለ፤ የሚያርፍበት ነው የጠፋው።»

ትርንጎ ቀስ ብላ «እጇ ሁልጊዜ አንገቷ ላይ ነው» አለች። «አንድ ነገር የጠፋባት ይመስል ትዳስሳለች። እኔ ደግሞ ሐኪሙን ጉሮሮዋን እይልኝ እለዋለሁ።»

«ጉሮሯቸው ደህና ነው» አሉ መምህር። «የሕንፃችሁ ዕድር ዕቃ ጠባቂ አገኘ?»

«አላገኘም።»

«እንግዲያው ዛሬ ስትገቢ በእነሱ በኩል እለፊ። ይቅርታ ጠይቂያቸውና እንደገና መጥተው እናትሽን ራሳቸውን ይለምኑ። አንቺ መልስ እንዳትሰጪ። ለቁልፉ ማንጠልጠያ የሚሆን ጠንካራ ክር ብቻ ገዝተሽ ግቢ።»