የምርቃት ድሪቶ

ወገኖቼ፣ መማል እንደማይገባ አውቃለሁ። ስለዚህ አልምልም። ግን መማል ቢፈቀድልኝ ኖሮ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት መሆኑን ማርያምን ብዬ፣ ሚካኤልን ብዬ፣ የቆምኩበት መሬት ይክዳኝ ብዬ እምልላችሁ ነበር። አልማልኩም አይደል? ጥሩ። እንቀጥል።

አንዲት ሴት ነበረች። በዚችው በኛው ከተማ። ስሟን አልነግራችሁም፤ የሷ ወንድሞች ብዙ ናቸው፣ የኔ ጀርባ ደግሞ አንድ ነው።

ይቺ ሴት አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ሩቅ አገር ተድራ፣ ፀንሳ፣ የመጀመሪያዋን በእናቷ ቤት ለመውለድ ልትመጣ ነው። እናትን ምን ያስጨንቃታል? ብርድ! የኛን ከተማ ብርድ ለናንተ ልንገራችሁ? ውሾቻችን ጠዋት ጠዋት ጅራታቸውን የሚቆሉት ሰው ወደው መስሏችኋል? ካቆሙ ይደርቅባቸዋል! እንግዳ መጥቶ ያይና «የዚህ አገር ውሻ እንዴት ሰው ይወዳል!» እያለ ያወራል። ተዉት፣ ያውራ። ስማችንን ያስጠራልናል።

እንግዲህ በዚህ ብርድ አራስ ልትተኛ ነው። ጨቅላ ሊተኛ ነው። ሴትየዋ ግን እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም። ልጅቷ ገና በእግሯ ሳትቆም ጀምራ የምትሰፋው አንድ ነገር አለ። ምን? ድሪቶ።

አትሳቁ! ድሪቶ ሲባል ለማኝ ትከሻ ላይ ያለው ነው ትዝ የሚላችሁ። የሷን ብታዩት! ሰማያዊው ልጅቷ መጀመሪያ ትምህርት ቤት የገባችበት የደንብ ልብስ ትራፊ ነው። ቢጫው፣ ያ አበባ አበባ ያለው፣ የሠርጓ ሰሞን የተሰፋ ቀሚስ ትራፊ ነው። ጥቁሩ ደግሞ አባቷ የሞተ ጊዜ ነው። ጥርት ባለ ቀን አጥር ላይ ስታሰጣው ንቦች ቀፏቸውን ጥለው ይመጡበታል፣ የአበባ መስክ መስሏቸው። አንድ ዓመትማ ማር ሊያደርጉበት ምንም አልቀራቸውም፣ በመጥረጊያ ነው ያባረረቻቸው።

እና በዚያ ድሪቶ አንድ ኩራት ነበራት። አንዲት ቁራጭ እንኳ ለሱ ተብላ አልተገዛችም። ሁሉም ምርቃት ነው።

ምርቃትን ታውቃላችሁ። ሻጩ ለክቶ ከጨረሰ በኋላ «ምረቅልኝ እንጂ» ስትሉት ከራሱ የሚጨምራት ነገር ናት። አባት ልጁን ሲመርቅም ምርቃት ነው፣ ባለሱቅ ጨርቅ ሲጨምርም ምርቃት ነው። አንድ ቃል! ሁለቱን ማን እንዳገናኛቸው አላውቅም። ያገናኛቸው ሰው ግን ከአያ ይመር ሱቅ ጨርቅ የገዛ ሰው መሆን አለበት።

አያ ይመር ብትን ጨርቅ ሻጩ። አውቶብስ መውረጃው ፊት ለፊት ያለው። በጁምዓ ሱቁን ገርበብ አድርጎ መስጊድ የሚሄደው፣ ገርበብ ያደረገውን ደግሞ ማንም የማይነካው። ሲለካ አይታችሁታል? ጣቃውን ባንኮኒው ላይ ያንከባልላል። ያቺን በእጅ ብዛት የወዛች የእንጨት ሜትር ያጋድማል። ጨርቁን አይወጥረውም፤ እንደ ሕፃን ያስተኛዋል። ጫፉ ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፋል። አሁን ሊቀደው ነው ስትሉ ጣቱ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ከሜትሩ አልፋ ትሄዳለች። አንድ ስንዝር ሙሉ!

«ይሄ ለምርቃት» ይላል። ከዚያ ጠርርር! ሲቀደው ድምፁ እህል ገበያ ድረስ ተሰምቶ አህዮች ጆሯቸውን ያቆማሉ። አቀዳደዱ ቀጥ ከማለቱ የተነሳ ጎረቤቱ አናጢ ጣውላ የሚያሰምረው በዚያ ጠርዝ ነው። ሲሰጣችሁም «ላይሽ ላይ ይለቅ» ብሎ ነው። ያለ እሷ ቃል ጨርቅ ከዚያ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም።

የሴትየዋ ባል የሞተ ዕለት ደግሞ፣ ጥቁር ጨርቅ ፍለጋ ሰው እስክትልክ አልጠበቀም። ጣቃውን በብብቱ ይዞ ራሱ መጣ። ድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብሎ ለቤተሰቡ ሁሉ ለካ። ያን ዕለትም እንኳ፣ ከሜትሩ አልፎ፣ አንድ ስንዝር።

እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ታዲያ ምን መጣ? ደሴ መጣች! ደሴ ጨርቅ በኪሎ ይሸጣል ተባለ። ርካሽ ነው ተባለ። ከተማው በሙሉ ነቅሎ አውቶብስ ተሳፈረ። የኛ ሴትዮም ለልጇ የአራስ ቀሚስ ልትገዛ ሄደች።

ርካሽ ነበር? ርካሽ ነበር። ጥሩ ነበር? ጥሩ ነበር። አሁን «ጨርቁ ታጥቦ ለቀቀ፣ ተቀደደ፣ ተቀጣች» እንድላችሁ ጠብቃችሁ ነበር አይደል? አልለቀቀም! አልተቀደደም! የደሴ ሰው ምን በደለን? እጃችሁን አውርዱ።

አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሻጩ መዘነና ሚዛኑ እኩል ቆመ።

«ምረቅልኝ እንጂ ልጄ» አለችው።

«እማማ፣ ሚዛን ነው እኮ» አላት ሻጩ እየሳቀ። «እሱን ይለምኑት። እሺ ካለ እኔ ምን ቸገረኝ!»

ሳቀች። እውነቱን ነው፣ ሚዛን ነው። ከረጢቷን አስራ ተመለሰች።

አውቶብሱ የት ነው የሚያወርደው? አያ ይመር በር ላይ! ሹፌሩን «ትንሽ አሳልፈኝ» ብትለው «ታክሲ መሰልኩሽ እንዴ?» አላት። ወረደች። አያ ይመር በሩ ላይ ቆሟል። ከረጢቱ የተሸከመው ጨርቅ መሆኑ ደግሞ ያስታውቃል፤ አንድ ቀይ ጫፍ እንደ ምላስ ወጥቷል።

«እቴ! እንኳን በደህና ገባሽ» አላት። «ብርዱ መንገድ ላይ አልጎዳሽም? ምነው ከባድ ይመስላል፣ አምጪው እስቲ።»

«ተው አያ ይመር፣ ተወው፣ ቀላል ነው…»

መች ሰማት! ከረጢቱን ወደ ትከሻው ወረወረ። ከሌላ ሰው የገዛችውን ጨርቅ፣ በራሱ ትከሻ፣ እስከ ቤቷ! መንገዱን ሙሉ ስለ ልጅቷ ነው የጠየቃት። መቼ ትደርሳለች? ጤናዋስ እንዴት ነው? እንደ ትንሽነቷ ባንኮኒዬ ላይ ቁጭ ትል ይሆን ወይስ ትልቅ ሰው ሆነችብኝ? ሴትየዋ «እግዜር ይመስገን፣ እግዜር ይመስገን» እያለች ተከተለችው። ምነው በሰደበኝ አለች በሆዷ። ምነው ፊቱን ባዞረብኝ።

አያችሁ፣ ሰውዬው ቢያኮርፋት ይቀላት ነበር። ደግነቱ ግን ማረፊያ ነሳት። እና ምን አደረገች? በማግስቱ ጎረቤቷ ከረጢቱን አይታ «ምነው፣ አያ ይመርን ተውሽው?» ስትላት፣ አፏ ከልቧ ቀድሞ መለሰ፦

«ሜትሩ አጭር ነው።»

በቃ። ሦስት ቃል ብቻ! ለማንም ክፉ አስባ አይደለም። ያቺን የከበደቻትን ከረጢት ማቅለያ ነበረች።

ወሬውስ ተቀመጠ? ቦኖ ውሃው ጋ ሲደርስ ሜትሩ በጣት አጠረ። ወፍጮ ቤት ሲደርስ በክንድ አጠረ። እዚህ ደጀ ሰላም ሲደርስ፣ አዎ፣ እዚሁ እኛው በር ላይ፣ መፋቂያ አክሎ ነበር። አያ ይመር ጨርቅ ለክቶ ሲጨርስ ጥርሱን ይፍቅበታል ተባለ!

ሳቅን። እኛ ሳቅን። ሱቁ ግን ጭር አለ። ደሴ መሄድ ያፍር የነበረው ሰው አሁን ምክንያት አግኝቶ ደረቱን ነፍቶ ተሳፈረ። አያ ይመር ጣቃዎቹን ያወርዳል፣ አቧራቸውን ያራግፋል፣ መልሶ ይሰቅላል። አሁን «ረመዳን ሲወጣ ዘግቼ ኮምቦልቻ ልጄ ዘንድ እገባለሁ» እያለ ነው። ለምን ሰው እንደራቀው የነገረው የለም። ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

ልጅቷ መጣች። ሆዷ ቀድሟት ገባ። እናቷ ድሪቶውን አለበሰቻትና አንድ ነገር አሳየቻት። ልክ መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ አለ። ተኝተው ሲለብሱት ጉልበት ላይ የሚውል፣ ብርድ የሚገባበት ቦታ። ያን ለመጨረሻ ነበር ያቆየችው፦ ከአራስ ቀሚሱ በሚተርፈው ጨርቅ ሊሞላ፣ ሕፃኑም የራሱ ቁራጭ እንዲኖረው። ቀሚሱ ግን ተሰፋ፣ ምንም አልተረፈም። ሚዛኑ እኩል ቆሞ ነበራ!

«ታዲያ ለምን ከአያ ይመር አልገዛሽም እማዬ?» አለች ልጅቷ።

«ተይኝ ባክሽ። ሜትሩ አጭር ነው።»

ልጅቷ ድሪቶውን እስከ አገጯ ሳበችው። እናቷን አየቻት።

«እማዬ፣ ምን ለብሼ ነው የተኛሁት?»

«ድሪቶሽን ነዋ።»

«ከምን የተሰፋ?»

«ከትራፊ።»

«ከማን ቤት ትራፊ?»

እናት ጥቁሩን ቁራጭ በመዳፏ ሸፈነች።

«በአጭር ሜትር እየለካ ነው ይሄ ሁሉ የተረፈው?» አለች ልጅቷ፤ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች። «ኧረ እንኳን አጠረ! ልክ ቢሆን ኖሮማ ከተማውን አልብሰሽ ለወረዳው ይተርፍሽ ነበር!»

ልጅቷ ሳቀች። እናት ግን አልሳቀችም። የዋሸችውን ውሸት የሚያጋልጠው ምስክር አልጋ ላይ ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። በገዛ እጇ የሰፋችው!

ሲነጋ ድሪቶውን ትከሻዋ ላይ ጣለች። በገበያው መሃል አለፈች። አያ ይመር ሱቅ ገባችና ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ገበያተኛው ግር ብሎ ተከተላት።

«እዩ!» አለች። «የይመር ሜትር ይሄን ያህላል። አጭር ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አፌ ነው ያጠረው። አያ ይመር፣ ይቅር በለኝ።»

አያ ይመር ወደ ድሪቶው ጎንበስ አለ። በጣቱ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ጥቁሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ለመሆኑ ይሄ መሃሉ ምነው ክፍት ሆነ?»

«ምርቃት ጎድሎት ነው። እስቲ አንድ ሜትር ለካልኝ።»

ጣቃ አወረደ። የጠየቀችውን ለካ። አውራ ጣቱ ከሜትሩ ጫፍ ተነሳች… አለፈች… ጠርርር! «ይሄ ለሕፃኑ» አለ። «ላዩ ላይ ይለቅ።»

እንግዲህ ወገኖቼ።

ደሴ አትሂዱ አልኳችሁ? አላልኩም! ኪሳችንን እናውቀዋለን። ርካሽ ያገኘ ይግዛ፣ ልጁን ያልብስ። ግን ስትሄዱ እግራችሁ ብቻ ይሂድ። ትታችሁት የምትሄዱትን ሰው ስም አብራችሁ ከረጢት ውስጥ አትጠቅጥቁ። ወይም ደግሞ ሁልጊዜ ባይሆን፣ አንዳንዴ፣ የቻላችሁ ቀን፣ ባንኮኒው ጋ ቁሙ። ሚዛን በሌላ አገር አለ። «ይቺን ጥቁር አውቃታለሁ» የሚል ሰው ግን በኪሎ የት ይገኛል?

ደግሞ እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ግቡና የለበሳችሁትን እዩት። ደወል ከተደወለ በኋላ ቁጭ ብላ ልጃችሁን ያስጠናችው መምህርት የለችም? እርሻችሁን ሳትጠሩት መጥቶ ያገዘው ጎረቤት የለም? ያ ሁሉ ከልክ በላይ ነበር። ከላይስ ቢሆን? ዛሬ ጠዋት ዓይናችን የተገለጠው ተለክቶልን ነው? ጣቱ ከሜትሩ ባታልፍ ኖሮ ማናችን እዚህ እንቀመጥ ነበር? በምርቃቱ ተሸፍነን ተኝተን «ሜትሩ አጭር ነው» የምንል እኛ አይደለንም?

በሉ ልጨርስ። እውነት ብቻ ነው የምነግራችሁ ብዬ ነበር። የውሾቹ ጅራት እውነት ነው። ንቦቹም እውነት ናቸው፣ መጥረጊያው እስካሁን አለ። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ ከልኩ ያለፈች፣ የኔ ምርቃት ናት።

ድሪቶውን ተሸክማ ሱቁ የሄደችውን ነው የጨመርኩት። ገና አልሄደችም።

ወደ ጎን አትተያዩ! እዚህ ትኑር አትኑር አልተናገርኩም። «ሜትሩ አጭር ነው» ብሎ የሳቀው ደግሞ ሁላችን ነን። ልጅቷ ቀኗ ደርሷል፣ ድሪቶው መሃሉ ክፍት ነው፣ ማታ ማታ ብርድ ይገባበታል።

የአያ ይመር ሱቅም አሁን፣ ከዚህ ስንወጣ፣ ክፍት ነው።