እመት አህያና የከርከሮ አፍንጫ

አንድ ጊዜ፣ ከመንደር ጀርባ የጠላ አተላ በሚደፋበት ጉድጓድ አጠገብ፣ እመት አህያ ከነውርንጭላዋ ትኖር ነበር። አተላ ለመደች፤ ልማዱ ደግሞ ከያዘ መች ይለቃል! አንድ ቀን ሰክራ ወንዝ ስታሻግራት ውርንጭላዋ በውሃ ከመወሰድ ለጥቂት ተረፈች። የእመት አህያ እህት ይህን ሰምታ ተናደደች። ውርንጭላዋን ወደ ማዶ ወሰደችና «አያ ከርከሮ ‹ድነሻል› እስኪልሽ ልጅሽን አታያትም» አለቻት።

አያ ከርከሮ ሥር እየቆፈረ መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም ነው። ደጁ ላይ መበላላት ክልክል ስለሆነ፣ እንደሷው አተላ የለመደው አያ ጅቦም አብሯት ይታከም ነበር። ከርከሮ ጠጥተው እንደሆነ ለማወቅ ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ያሸታል።

ማታ ማታ ውርንጭላዋ ከማዶ ስትጮህ እመት አህያ ጆሮዋን ወደ ማዶ ቀስራ ታድራለች። አንድ ምሽት ናፍቆቱ ባሰባትና ወደ ጉድጓዱ ሄደች። ጅቦ ቀድሟት እስከ አንገቱ ገብቶ ነበር።

ሲነጋ ቀበሮ ጤና አዳም ይዛ ከተፍ አለች።

«ይህን አኝኩ፤ ከርከሮ ምንም አይሸተውም። ዛሬውኑ ወደየቤታችሁ! አያ ጅቦ፣ ለኔ አጥንት አትረሳም መቼም።»

ጅቦ ቁጥቋጦውን ከነሥሩ ሰለቀጠው። እመት አህያም አንዲት ቅጠል ጎረሰች። ልጄን ዛሬ አያታለሁ ብላ ልቧ ዘለለ። ወዲያው ግን ወንዙ ትዝ አላት፤ ቅጠሉን ተፋችው።

ከርከሮ ጅቦን አሸተተና «ኧረ ጉድ! እንዲህ የሚያውድ ጅብ የት አለ? ምን ደብቀህ ነው?» አለ።

«እኔ? ታጥቤ ነዋ!»

«ጅብ ታጠበ?» ከርከሮ በሳቅ ፈረሰ። ጅቦ አኩርፎ በዚያው ወደ ጉድጓዱ ሄደ፤ አልተመለሰምም።

እመት አህያ ሳትሸተት ተናገረች። «አያ ከርከሮ፣ ትናንት ጠጥቻለሁ። ልጄ ስትጮህ አልቻልኩም።» እንባዋ ወረደ።

«መጠጣትሽን አፍንጫዬ ይነግረኛል። የሚያስጠጣሽን ግን ካንቺ በቀር ማን ይነግረኛል? ዛሬ ወደ ልጅሽ አትሄጂም፤ ማታ ስትጮህ ግን ወደኔ ነይ» አላት።

መጣች። ማታ ማታ ወደ ጉድጓዱ ሳትሄድ ከጎኑ ተኝታ የልጇን ድምፅ ሰማች። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል ከርከሮ «በይ፣ ድነሻል፤ ሂጂ» አላት።

ውርንጭላዋ እናቷን ስታይ አልሮጠችም። ቀረብ ብላ መጀመሪያ አፏን አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ከዚያ ከሆዷ ሥር ገብታ ልጥፍ አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ መርማሪን ማታለል ቢቻል እንኳ ቤት የሚጠብቀንን ማታለል እንደማይቻል፣ «ወደቅሁ» ብሎ የሚናገር ግን የሚያነሳው እንደማያጣ ነው።