ጨው የተቆለፈባት ሴት

አንድ አናጢ ነበረ፣ ወገኖቼ። እጁ የተባረከ፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው። ሥራ ወዳድ ስለነበረ ከነገር ሁሉ አንድ ነገር አይወድም፤ ስንፍና።

ሚስቱ የዝና ትባላለች። ከእሱ ቀድማ የምትነሣ፣ ጎረቤት ሲታመም ፈጥና የምትደርስ ሴት ነበረች። ከፍልሰታ ወዲህ ግን ተለወጠች። ውኃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ትቀመጣለች። ስትነሣ ዐይኗ ይጨልማል፤ ግድግዳ ትይዛለች። ቀሚሷ ሰፋት። መልኳ ጠቆረ፤ የመዳፏ መስመር ሳይቀር። አንድ ቀን ጎረቤቷ፣ "ድድሽን ተነቀስሽ እንዴ?" አለቻት። አልተነቀሰችም።

ባልየው ይህን ሁሉ አየ። አይቶስ ምን አለ? "ስንፍና ገብቶብሻል" አለ።

ወጡም ጨው በጨው ሆነ። "ሴትዮ፣ ይኼ ለሰው ነው ለከብት?" ብሎ ገበታውን ገፋ። አንድ ጠዋት የረሳውን መጋዝ ሊወስድ ሲመለስ፣ ጓዳ ቆማ ጨው ከመዳፏ ስትልስ አገኛት። እንደ ሌባ ደነገጠች። እሱም ጨዉን ከነጣሳው ወሰደና የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። ክፋት አልነበረም፣ ወገኖቼ። ቤቱን ሥርዓት ያስያዘ መስሎት ነው።

በሦስተኛው ቀን ያስመልሳት ጀመር። በአራተኛው መነሣት አቃታት። በራፉ ላይ ቆሞ "የዝና፣ ተነሺ እንጂ!" አላት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ፍርሃት የገባው ያን ጊዜ ነው። አቅፎ ሲያነሣት ትከብደኛለች ብሎ ነበር፤ እንደ ሕፃን ቀለለችው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ ግፊቷን ለካች፤ መዳፏን ገልብጣ፣ ድዷን ገልጣ አየች። ወደ ባልየው ዞረችና "ጨው አብዝታ ትፈልግ ነበር?" አለችው።

"አዎ፣ ዶክተር። እኔ ግን ቆለፍኩባት።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም። "ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ" አለችው። "ሆርሞን የሚባል መልእክት በደም ይልካሉ። ጨው ከሰውነታችን እንዳያልቅ የሚጠብቀው፣ በሕመምና በጭንቅ ቀን ብርታት የሚሰጠን እሱ ነው። የእሷ እጢዎች መላክ ያቆሙ ይመስለኛል። በምርመራ እናረጋግጣለን፤ ሕክምናው ግን አሁኑኑ ይጀመራል። ጨዉንም የላሰችው ቀብጣ አይደለም። ሰውነቷ ጨው እያለቀበት ነው።"

መርፌ ተወጋች፤ ጨውና ስኳር ያለው ፈሳሽ በደም ሥሯ ገባ። በማግስቱ ቀና ብላ ተቀመጠች። ምርመራውም ሐኪሟ የጠረጠረችውን አረጋገጠ፤ ዕድሜ ልኳን ሳታቋርጥ የምትውጠው ኪኒን ታዘዘላት።

ባልየው አልጋዋ ሥር ተንበረከከ። "ይቅር በይኝ፣ የዝና። ሰነፍ አልኩሽ።"

"አንተማ ምን ታደርግ?" አለችው። "እኔም አምኜው ነበር። ሰንፌአለሁ ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት አዘዙኝ።"

"ስንቱን ሰገድሽ?"

"ሁሉንም" አለች። "እየወደቅሁ እየተነሣሁ።"

ወገኖቼ፣ የተሳሳተው ባልየው ብቻ ነው? ሳይጠይቁ ስግደት ያዘዙት አባትስ? እኔም ካህን ነኝና ይህን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። ስንቱን ድካም ኃጢአት ብዬው ይሆን?

እናንተስ? በቤታችሁ ሰነፍ የምትሉት ማን ነው? ከማኅበር ቀረች ብላችሁ ያማችኋት ማን ናት? እኛ የምናየው ፊትን ነው፤ የውስጡን የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው። መድኃኒት የጀመረውንም "እምነት ካለህ ተወው" አትበሉት፤ ሐኪምን ያስተማረ ያው እግዚአብሔር ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ያንን የደከመ ሰው ከመውቀሳችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡ። "ምን ያምሃል?" በሉት። መልሱንም እስኪጨርስ አድምጡት።