የተቀቀለችው ሲኒ

የባሕር ማዶ ዕቃ በግመል በሚገባባት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ሐጂ መብሩክ የሚባሉ መድኃኒት ሻጭ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከመደርደሪያቸው ዕቃ ሁሉ የሚሳሱለት ትኩሳት የሚያበርድና ለሰውነት አቅም የሚሰጥ ሥር ነበር። ከቻይና የመጣ ስለሆነ በዐረብኛው «ሲኒ» ይሉታል፤ ቻይናዊ ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን ለዙህር ሰላት ኢቃማ ተደርጎ ሐጂ መስጂድ ሊገቡ ሲሉ፣ ሸምሰዲን የሚባል የገጠር ሸማኔ እያለከለከ ደረሰ።

«ሐጂ፣ ድረሱልኝ! ሒክማ በትኩሳት ልትሞትብኝ ነው፤ ያለችኝ ልጅ እሷው ናት!»

«አብሽር ልጄ። ሱቁ ክፍት ነው። ሲኒውን ውሰድና አፍልተህ አጠጣት» ብለውት ወደ ሰላታቸው ገቡ።

በጁሙዓ ቀን፣ ሰዉ ከሰላት ወጥቶ ሱቁ ደጃፍ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሸምሰዲን ልጁን ተሸክሞ መጣ። ሒክማ ድና ጆሮውን ትጎትተዋለች። በነጭ ጨርቅ የጠቀለለውን ሲፈታ፣ ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ማር የሚቀምሱባት ሲኒ ብቅ አትልም!

«አልሐምዱሊላህ! እንዳዘዙኝ ድስት ውስጥ ከትቼ ቀቀልኳት፤ ውሃዋን አጠጣኋት። ጠርዟ ትንሽ ተሸርፏልና አውፍ ይበሉኝ።»

ሐጂ ዞር ብለው መደርደሪያውን አዩ። ሥሩ እንዳለ ነው! ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ምንም አልቀረውም። ሰዉ ግን «አላሁ አክበር» የሚል ተክቢራ እያሰማ ሲኒዋን ለመንካት ይጋፋ ጀመር። ከመሃል ዘህራ የምትባል ሴት ልጇን ታቅፋ ቀረበች።

«በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ያችን ሲኒ ለኔም ያውሱኝ! ልጄ እሳት ሆኖብኛል።»

ዝም ቢሉ ተአምረኛ ወልይ መባላቸው ነው። የዘህራ ልጅ ግን ሲኒ ሲቀቀልለት ሊውል ነው።

«እህቴ፣ ይቺ ከገበያ የገዛኋት ዕቃ ናት» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «መድኃኒቱ ይኸው፣ ከቦታው አልተነሳም። ጥፋቱ የሸምሰዲን አይደለም፤ የኔ የችኮላ ምላስ ነው።»

ሸምሰዲን በሃፍረት አቀረቀረ። ሐጂ እጁን ያዙት፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

«ቀና በል እንጂ! አንተ የሰማኸውን አድርሰሃል። እኔ ብሳሳት ጌታህ አልተሳሳተም።»

ከዚያ ሥሩን ራሳቸው ከትፈው፣ ራሳቸው አፍልተው፣ ዘህራ ቤት ድረስ ሄዱ። ልጁ በላብ ርሶ «ውሃ ስጡኝ» እስኪል ከአጠገቡ አልተነሱም። ይህን ሲሰሙ እዚያው ወለሉ ላይ ሱጁድ ወረዱ።

«ታዲያ ሐጂ፣ የሚያሽረው የትኛው ሲኒ ነው?» አላቸው አንድ ጎረቤት።

«ሲኒው ሁለት ነው፤ የሚያሽረው ሻፊ ግን አንድ ነው» አሉት።

ወገኖቼ፣ ሐጂ መድኃኒትን አልናቁም፤ ቢንቁማ ኖሮ ለዘህራ ልጅ አያፈሉም ነበር። ግን ያን ዕለት ግንባራቸውን መሬት ያስነካቸው ልጁ መዳኑ ብቻ አይመስለኝም። ስህተታቸው ሒክማን ሳይገድል መቅረቱም ነው። እኛስ በችኮላችን ስንት ሲኒ አስቀቅለን ይሆን? ስንቴስ ነው አላህ በእዝነቱ ሸፍኖልን፣ ምስጋናውን እኛ ተቀብለን ቤታችን የገባነው!