በዶቅማው ላይ የታሰረው ቀይ ክር

ያ ሰውዬ ክፉ ነበር ወይስ አልነበረም? እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።

እኛ ጋ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሥሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የቆመ የዶቅማ ደን አለ፤ ቤታችን ከደኑ ጀርባ ነው። ደኑን ሊያይ የመጣ እንግዳ በታንኳ ሲገባ ፊቱን ወደ ሐይቁ መልሶ፣ የሚሄድበትን ሳያይ ነው የሚቀመጠው። ጎብኚዎቹ ይስቃሉ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። አማቴ እማማ ስንዱ እንደነገሩኝ ልጻፈው፣ ጽሕፈቴ ቢያስቸግራችሁ ይቅርታ።

ዱሮ ዘራፊ በበዛበት ዘመን ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከዚሁ ደን ጀርባ ተሸሽገው ይኖሩ ነበር ይባላል፤ መግቢያውን የሚያውቁትም እነሱ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን አንድ ጨው ነጋዴ መጣና «ወፎቹን ብቻ አይቼ ልመለስ» ብሎ ለመነ። ይርገዱ የምትባል፣ የሦስት ወር ልጅ ያዘለች ሴት አሳዘናትና በታንኳዋ ይዛው ገባች። እንደሚነገረው ሰውየው በየመታጠፊያው ቅርንጫፍ እየያዘ ቀይ ክር ያስር ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«ስለት ነው እቴ። ልጅ አጥቼ ነው።»

«ስለት በየዛፉ ነው እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ሸኝታው ስትመለስ ክሩን ሁሉ ፈታችና፣ ዘራፊ ቢመጣ እዚያው ይቅር ብላ፣ ሰው ወደሚውጠው ማጥ በሚወስደው በኩል አሰረችው።

ዘራፊ አልመጣም። በዓመቱ የመጣው ያው ሰውዬ ነው፣ ብቻውን፤ ክሩን ተከትሎ ሄደና ማጡ ዋጠው። ባዶ ታንኳው ሲገኝ ውስጡ አንድ ገንቦ ማርና የሕፃን መታቀፊያ ነበረበት ይላሉ። ስለቱ ሰምሮለት ሊያመሰግን ነው የመጣው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ማሩ ማታለያ ነው፣ ጓደኞቹ ከኋላ ነበሩ የሚሉም አሉ። ይርገዱ ግን እስክትሞት ማር አልቀመሰችም ይባላል። «ከእንግዲህ እንግዳ መንገዱን አይይ፣ እኛም አንጠርጥረው» ያለችው እሷ ናት፤ አቀማመጡም ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ።

አሁን ደኑ ለጎብኚ ይከፈታል፣ የእንጨት መረማመጃ ይሠራል እየተባለ ነው። እኔም ልጄን አዝዬ እቀዝፋለሁ። ትናንት ያስገባሁት እንግዳ እንደ ደንቡ ፊቱን ወደ ሐይቁ መልሶ ተቀመጠ፤ እጁ ግን አላረፈም፣ ያለፍነውን ቅርንጫፍ እየያዘ ቀይ ክር ያስራል።

«ለመረማመጃው ምልክት ነው እህቴ» አለኝ።

የላከው ማን እንደሆነ ብጠይቀው ልጄን እያየ «ስሙ ማነው?» አለኝ። ስሙን አልነገርኩትም።

ነገ ተመልሶ ይመጣል። ክሩ እስከ ደጃችን ድረስ ታስሯል። እናንተ ብትሆኑ ትፈቱታላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።